ሙዚቃ በጩኸት አይመዘንም



በዘመናችን ሞንታርቦ ያልተተከለበት ሠርግ እንደ ሠርግ፣ ጀኔሬተር ያልጮኸበት ድግስም እንደ ድግስ የማይቆጠር ሆኗል። በቢቸናም ሆነ በሞጣ፣ ጥር በገባ ቁጥር ዳስ ከተጣለበት ሰፈር ሁሉ ይኸው ድምፅ ይሰማል። ደስታን የምነቅፍ አይደለሁም። የምነቅፈው ደስታችንን በጩኸትና በናፍጣ ጭስ መለካታችንን ነው።

«የሠለጠነው ዓለም የሚጨፍረው እንዲህ ነው» የሚለኝ ቢኖር፣ ወደዚያው ዓለም እንመልከት። ኮልድፕሌይ የተባለው ዝነኛ የእንግሊዝ የሮክ ሙዚቃ ጓድ፣ አየርን የማይበክልበትን መንገድ እስኪያገኝ ድረስ አገር ላገር እየዞረ እንደማይጫወት እ.ኤ.አ. በ2019 አስታወቀ። በ2022 ጉዞውን ሲጀምርም ለመድረኩ ኃይል የሚያከማች ባትሪ አዘጋጀ፤ ተመልካቹም በሚጨፍርበት ወለልና በሚነዳው ብስክሌት ኃይል እንዲያመነጭ አደረገ። በ2024 በሰጠው መግለጫ፣ ከ2016 እና 2017 ጉዞው ጋር ሲነጻጸር የየትርዒቱን ብክለት በ59 በመቶ መቀነሱን ገለጠ። የዓለም የጤና ድርጅት ደግሞ በዚያው በ2022 ባወጣው ደንብ፣ በሙዚቃ ቦታ የሚሰማው ድምፅ በ15 ደቂቃ አማካይ ከ100 ዴሲቤል እንዳያልፍ መክሯል፤ በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ተመልሶ አይድንምና።

ይሁን እንጂ ለዚያ ታላቅ ጓድ ያልተፈታ ችግር አለ፤ ተመልካቹ የሚመጣው በመኪናና በአውሮፕላን ነው። በእኛ ዘንድ ግን ጎረቤት ወደ ጎረቤቱ ሠርግ የሚሄደው በእግሩ ነው። የማሲንቆ አውታር ከፈረስ ጭራ፣ ዋሽንት ከሸምበቆ፣ ከበሮም ከእንጨትና ከቆዳ ይሠራሉ፤ ናፍጣ አይጠይቁም። እነርሱ በብዙ ገንዘብ የሚፈልጉትን እኛ ይዘነው ሳለ እየጣልነው ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ማለት ይህ አይደለምን?

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳት ግን የቃል መጥፋት ነው። ጎጃም የቅኔ አገር ነው፤ ከቢቸና የማይርቀው ድማ ጊዮርጊስም በቅኔ ትምህርቱ የታወቀ ነው። አዝማሪም «ተቀበል» ሲባል ከአድማጩ አፍ ግጥም ይቀበላል፤ ከዚያም ሰሙን አሰምቶ ወርቁን ለሚገባው ይተዋል። ሰምና ወርቅ የሚለየው ቃሉ ሲሰማ ነው። ሞንታርቦው ቃሉን ከዋጠው፣ የቀረን ሰሙም ወርቁም የሌለበት ጩኸት ብቻ ነው።

«ወጣት ያለ ትልቅ ድምፅ አይጨፍርም» ይባል ይሆናል። ነገር ግን እስክስታ ከበሮና ጭብጨባ ካገኘ ምን ጎደለው? የድምፅ ማጉያ ፈጽሞ ይጥፋም አልልም። ድምፁ ይቀነስ፤ ፊቱም ከዳሱ ውጭ ወዳለው ሰፈር ሳይሆን ወደ እድምተኛው ይዙር፤ ሲመሽም ዝም ይበል። ከግድግዳው ማዶ በሽተኛ አለ፤ አራስ አለች፤ ለ12ኛ ክፍል ፈተና የሚያጠና ተማሪም አለ። የአንዱ ደስታ ለሌላው እንቅልፍ ማጣት ሊሆን አይገባም።

ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ከራሳችን እንጀምር። የትምህርት ቤታችን የዘንድሮ የመዝጊያ በዓል በቀን፣ በዛፍ ጥላ ሥር፣ ያለ ጀኔሬተር ይከበር። ማሲንቆ፣ ዋሽንትና ከበሮ የሚችል ተማሪ በመካከላችን አይጠፋም፤ ግጥም የሚሰጥም እንዲሁ። ወላጆቻችንም በሚቀጥለው ጥር ዳስ ሲጥሉ ያዩትንና የሰሙትን ያስታውሱ ይሆናል።