ወረቀት ሁሉ ንጹሕ አይደለም



በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታልን ከለከለ። «በወረቀት እንተካው፤ ለእንጅባራና ለዳንግላ ሥራ አጥ ወጣትም እንጀራ ይሆናል» ይባላል። እኛም እንደግፋለን። ነገር ግን ወረቀቱ ከምን ይሠራ?

ከባሕር ማዶ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ከሆነ፥ ትርፉ ለአስመጪው እንጂ ለአገር አይደለም። «የአዊ ቀርከሃስ?» ለሚሉን፥ ቀርከሃ ለወረቀት የሚሆነው በኮስቲክ ሶዳ ሲቀቀል ነው እንላለን። ማጣሪያ የሌለው አነስተኛ ድርጅት ጥቁሩን ፍሳሽ ከወንዝ በቀር ወዴት ይደፋዋል?

ጥሬ ዕቃው በየቢሮው ተከምሯል፦ የፈተና ወረቀት፥ አሮጌ ደብዳቤ፥ ካርቶን። ይህ ተቀዶ፥ ተዘፍዝፎና ተወቅጦ በወንፊት ላይ ይነጠፋል፤ በበጋ ፀሐይ ይደርቃል። የቀለም ርዝራዥ ስላለበት ለምግብ መጠቅለያ አይሁን፤ የዶሴ ሽፋን፥ የዕቃ መያዣ ከረጢት፥ ከአፈር ጋር የሚበሰብስ የቃሪያ ችግኝ ማፍያ ግን ይወጣዋል።

«የፈተና ምስጢር ይወጣል» የሚል ቢኖር፥ የተወቀጠ ወረቀት ማን ያነባል?

ስለዚህ እንጠይቃለን፦ ወረቀት ማቃጠል ይቁም! ክምሩ ለተደራጁ ወጣቶች በነጻ ይሰጥ! እኛም በየመኝታ ክፍላችን እየለየን እናቀርባለን።