«ተሸወድሽ» ወይስ «ከዳሽ»?

ባለፈው ሴሚስተር እዚሁ ቦንጋ፣ የዶርማችንን አንዲት ልጅ የሁለት ዓመት ፍቅረኛዋ ሌላ ይዞ ላሽ አላት። ማታ ቡና አፍልተን ልናጽናናት ከበብናት። ከሁላችንም አፍ የወጣው ግን አንድ ቃል ነበር፤ «ተሸወድሽ!»። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ልብ በሉ። ሽወዳ የጨዋታ ቃል ነው። ኳስ ተጫዋች ተከላካዩን ይሸውዳል፤ ነጋዴም ገበያተኛውን። ሸዋጁ ይደነቃል፣ በተሸወደው ይሳቃል። ወንዶቹ ላውንጅ ተቀምጠው «ሸወድኳት» እያሉ የሚስቁትም ለዚህ ነው። «ከዳኋት» ብሎ የሳቀ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ከዳ ከባድ ቃል ነዋ! ወታደር ጦሩን ጥሎ ሲጠፋ ከዳ ይባላል፤ የደከመ ሰውም «ጉልበቴ ከዳኝ» ይላል። የተደገፉት ነገር ሲሸሽ ማለት ነው። ሰዋስዉንም እዩት፤ «ተሸወድሽ» ሲባል የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት እሷ ናት፣ «ከዳሽ» ሲባል ግን እሱ ነው። ጥፋቱ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ አይደል?

ችግሩ በዚህ አያበቃም። የተተወችዋን ሴት «ፈት» እንላታለን። ድሮ ባል የሌላትን ሴት ብቻ ያመለክት የነበረው «ጋለሞታ» ዛሬ ስድብ ሆኗል። ጥሎ የሄደውስ ምን ይባላል? «ወስላታ» አለ ትሉኝ ይሆናል። እሱ ግን ለገንዘብም ለሥራም የሚውል ነው፣ ደግሞ እየሳቅን ነው የምንለው።

ይህ የእኛ ብቻ አይደለም። ስኮትላንዶች «ቢገንክ» የሚሉት ቃል ማታለልንም ፍቅረኛን መክዳትንም ባንድ ላይ ይይዛል። እንዲህ ያሉትን የገጠር ቃላት ጆሴፍ ራይት የተባለ ምሁር እ.ኤ.አ. ከ1898 እስከ 1905 በስድስት ቅጽ አሳትሟቸዋል። እኛ ጋስ?

ካፊኖኖ ተናጋሪ የሆነችው የዶርም ጓደኛዬ ያንን የልጅቷን ወሬ በቋንቋዋ ለዘመዷ በስልክ ስትነግር መሃል ላይ «ሸወዳት» የሚለውን አማርኛ ስትሰነቅር ሰማኋት። «በካፊኖኖ ቃል የለውም እንዴ?» አልኳት። «አያቴ ታውቀዋለች» አለችኝ።

ትምህርት ክፍላችን ለሲኒየር ኤሴይ ርዕስ ጠፋ እያለ ከሚጨነቅ፣ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ ጊምቦ የሚሄዱ ልጆች አያቶቻቸውን ጠይቀው ቃላቱን ቢለቅሙ ምን አለበት? እኔ በበኩሌ ለክረምት ጓደኛዬ አያት ቤት ተጋብዣለሁ። ደብተሬን ይዤ ነው የምሄደው።