ጨለማው ቀድሞ ሳቁ የቀረበት ተራራ ወጪ

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የአንድን ደራሲ የጨለመ ጽሑፍ ብቻ መርጦ የሚያስተረጉም፣ የሳቀበትን ግን መደርደሪያ ላይ ጥሎ የሚያልፍ የመጻሕፍት ገበያ ደራሲውን አስተዋወቀው ወይስ አጠፋው? እኔ አጠፋው ባይ ነኝ። ማስረጃዬም ከኖርዌይ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ፒተር ቬሰል ዛፕፈ በ1899 ትሮምሶ ከተማ ተወለደ፤ በ1990 አረፈ። ፈላስፋ ነው፣ የሕግ ሰው ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ ደግሞ ተራራ ወጪ ነበር። የሕግ ፈተናውን በግጥም የመለሰ ቀልደኛም ነው። በ1969 ያሳተመው «ባርስከ ግሌደር» በግርድፉ «ሻካራ ደስታዎች» ቢባል ያስኬዳል። ለዛፕፈ ተራራ መውጣት ለምንም የማይጠቅም ሥራ ነው፤ ክብሩም ያለው እዚያው አለመጥቀሙ ላይ ነው።

በእንግሊዝኛ የገነነው ዛፕፈ ግን ሌላ ሰው ነው። በ1933 የጻፈው «የመጨረሻው መሲሕ» የሰው ልጅ ንቃተ ኅሊና ከአቅሙ በላይ የገዘፈ ሸክም ነው ብሎ ይሞግታል። አሜሪካዊው የአስፈሪ ታሪኮች ደራሲ ቶማስ ሊጎቲ በ2010 መጽሐፉ ይህን ሐሳብ አነሣው፤ ከሊጎቲም አልፎ በ2014 ወደ ታየው «ትሩ ዲቴክቲቭ» ተከታታይ ፊልም ገባ። የተራራ መጽሐፉ ያንን ዕድል አላገኘም። እናም ዓለም የሚያውቀው ዛፕፈ ግማሽ ልጩ ግማሽ ጎፈሬ ሆኖ ቀረ።

ገበያው የኖርዌይን ተራራ ጠልቶ ነው እንዳትሉኝ። የዛፕፈ ወዳጅ አርነ ኔስ የመራው ቡድን በ1950 ዓ.ም. 7,708 ሜትር የሚረዝመውን ቲሪች ሚርን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ፣ የጉዞው መጽሐፍ በ1952 በእንግሊዝኛ ለንደን ላይ ታትሟል። ሁለት ዓመት! የዛፕፈ ዋና የፍልስፍና ሥራ «ስለ አሳዛኙ» በ1941 ወጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2024 ነው። ሰማንያ ሦስት ዓመት! ልዩነቱ ግልጽ ነው። ድል ቶሎ ይሸጣል፤ ተስፋ መቁረጥም ዘግይቶ ቢሆን ይሸጣል። ገደል ላይ ተንጠልጥሎ በራሱ የሚስቅ ሰው ግን ለነጋዴው መደብ የለውም።

«ማን ይገዛዋል?» የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ። የሞሪስ ኤርዞግ «አናፑርና» በ1951 በፈረንሳይኛ ወጥቶ በዓመቱ በእንግሊዝኛ ታተመ፤ በሚሊዮኖች ተሸጠ። ከሁለቱ ተርጓሚዎች አንዷ ኒያ ሞሪን ራሷ ስመ ጥር ተራራ ወጪ ነበረች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሏል ይህ ነው። ገመድና ቋጥኝ የሚያውቅ ተርጓሚ ሲገኝ አንባቢ አይጠፋም።

አሁን ደግሞ አዲስ ሰበብ መጥቷል፤ «ማሽን ይተረጉመዋል»። ማሽን ቃሉን ይሰጣችኋል። ሆን ተብሎ በጥንታዊ አጻጻፍ የተቀመጠን ቀልድ፣ ኮስታራ መስሎ የሚያሾፍን ዓረፍተ ነገር ግን ጠፍጥፎ ያቀርበዋል። ቀልድ ተጠፍጥፎ ከመጣ ባይመጣ ይሻላል፤ አንባቢው «ይህ ነው የተወራለት?» ብሎ ይዘጋዋልና።

ይህ የኛም ጉዳይ ነው። አብዛኛው የውጭ መጽሐፍ ወደ አማርኛ የሚደርሰው በእንግሊዝኛ በኩል ነው። እንግሊዝኛ የጣለውን እኛም አናገኘውም። በተቃራኒው መንገድ ደግሞ ወረፋውን እናውቀዋለን፤ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1983 ወጥቶ በእንግሊዝኛ የታተመው በ2025 ነው። 42 ዓመት።

አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ሕዝብ ያላት ኖርዌይ ግን ገበያውን ቁጭ ብላ አልጠበቀችም። ኖርላ የሚባለው ተቋሟ ከ1978 ጀምሮ መጻሕፍቷ በሌሎች ቋንቋዎች እንዲተረጎሙ በገንዘብ ይደግፋል። እንዲህ ያለ ድጋፍ ያላት አገር እንኳ ሳቋን ለማሻገር ይህን ያህል ከተቸገረች፣ የኛ ሳቅ በማን በኩል ይሻገር?

ስለዚህ ሙግቴ አጭር ነው። ደራሲ ሲተረጎም ሙሉውን ይተረጎም። ተርጓሚው ስሙ ሽፋኑ ላይ ይውጣ፤ የላቡንም ያግኝ። ምን መተርጎም እንዳለበትም ነጋዴ ብቻውን አይወስን። የአንድን ሕዝብ ለቅሶ ብቻ አንብቦ «አወቅሁት» የሚል አንባቢ፣ ያ ሕዝብ በምን እንደሚስቅ እስኪሰማ ድረስ ገና ምንም አላወቀም።