አምፕሊፋየሩ ነው ወይስ ጆሮአችን?

ባለፉት ሳምንታት ስለ ጨውና ስለ ደም ግፊት ስንጨዋወት ቆይተናል። ዛሬ ደግሞ ወደ ሳሎን እንግባና ሙዚቃ ስለምንሰማበት አምፕሊፋየር እናውራ። «ነርስን ከአምፕሊፋየር ምን አገናኛት?» የምትሉ አትጠፉም። የድምፅ መድረሻው ጆሮ ነውና ነገሩ ከሙያዬ አይርቅም። በዚያ ላይ በዚህ ዕቃ የተነሳ ብዙ ገንዘብ ያለ ፋይዳ ሲወጣ አይቻለሁ።

አምፕሊፋየር ከሸክላ ማጫወቻ፣ ከካሴት ወይም ከስልክ የሚመጣውን ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክት ስፒከር ማንቀሳቀስ እስኪችል ድረስ የሚያጎለብት ዕቃ ነው። በየቤቱ የምናገኘው በሦስት ይከፈላል። አንደኛው በመስታወት ቫልቭ የሚሠራው የድሮው ዓይነት ነው። ይህኛው ከራሱ ጥቂት ድምፅ ይጨምራል፤ ጆሮም ጭማሪውን እንደ ሙቀትና እንደ ለስላሳነት ይቀበለዋል። ነገር ግን በጣም ይግላል፣ ቫልቮቹም እያረጁ ይቀየራሉ። ሁለተኛው በ1947 እ.ኤ.አ. በተፈለሰፈው ትራንዚስተር የሚሠራው ነው። ብዙዎቻችን የምናውቃቸው ከባባድ የጃፓን ዕቃዎች ከዚህ ወገን ናቸው። ድምፃቸው ንጹሕ ነው፤ ከአቅማቸው በላይ ሲከፈቱ ግን ይሰነጥቃሉ። ሦስተኛው «ክላስ ዲ» የሚባለው አዲሱ ነው። ትንሽ ነው፣ ብዙም አይግልም፣ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ አብዛኛውን ወደ ስፒከሩ ያደርሳል።

የትኛው ይሻላል? የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው፣ ሦስቱም አሏቸው። አንድ እሑድ ከቡና በኋላ አንድ የጥላሁን ገሠሠን ዘፈን በሦስቱም እያፈራረቅን ሰማን። ጋሼ ባለ ቫልቩን መረጡ። ልጃቸው «የቤዙ ምት ጥርት ይላል» ብላ ትንሿን ወደደች። ለእኔ አሮጌው ትራንዚስተር ተስማማኝ። ክርክሩ ሲጋጋል ኤሌክትሪክ የተማረው የልጅ ልጃቸው «መጀመሪያ ድምፃቸውን እኩል እናድርገው» አለ። በስልኩ እየለካ የሦስቱንም መጠን አስተካከለና እኛ ፊታችንን ወደ ስፒከሩ አዙረን እሱ ከኋላችን እየቀያየረ አሰማን። ያን ጊዜ ትራንዚስተሩን ከትንሿ የለየ አንድም ሰው አልነበረም። ቫልቩን ደጋግማ የለየችው ልጃቸው ብቻ ናት።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ከሁለት አምፕሊፋየሮች አንዱ በጥቂቱ ከፍ ካለ፣ ጆሮ «ጮኸ» አይልም፤ «አማረ» ይላል። ሱቅ ውስጥ ይህን አስቡ። ስትመርጡ ሁለቱም በእኩል ድምፅ ይከፈቱላችሁ፤ የምታውቁትን የራሳችሁን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ከተቻለ በቤታችሁ ስፒከር ሞክሩት፤ ከአምፕሊፋየር ይልቅ ስፒከርና ክፍል የድምፅን መልክ ይለውጣሉና። በዋቱም ብዛት አትደነቁ። ድምፁ በጆሮአችን እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ አሥር እጥፍ ያህል መሆን አለበት።

ማታ ልጆች ሲተኙ ድምፅ ስትቀንሱ ቤዙ የሚጠፋባችሁ ካላችሁም ዕቃውን አትውቀሱ። ድምፅ ዝቅ ሲል የሰው ጆሮ ወፍራሙን ድምፅ ከመካከለኛው ይልቅ አሳንሶ ይሰማል። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን በ1933 እ.ኤ.አ. በልኬት አሳይተዋል። በአንዳንድ አምፕሊፋየሮች ላይ ያለው «ላውድነስ» የሚል ቁልፍ የተሠራው ለዚሁ ነው።

ወደ ጋሼ ልመልሳችሁ። «ዘፈኑ ይሰማኛል፣ ግጥሙ ግን ይዋጣል» እያሉ ቫልቩን ሸጠው፣ ከጡረታ ያጠራቀሙትን ጨምረው፣ ሌላ ውድ አምፕሊፋየር ሊገዙ ነበር።

«ጋሼ፣ ከመግዛትዎ በፊት ጆሮዎን እናስመርምር» አልኳቸው።

«አርጅተሃል ልትይኝ ነው?»

«ቴሌቪዥኑንስ ማን ነው እንዲህ የሚያስጮኸው?»

ሳቁና እሺ አሉ። ምርመራው አያምም፤ ጸጥ ባለ ክፍል የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ ድምፅ ሲሰሙ ምልክት መስጠት ነው። ውጤቱ በሁለቱም ጆሮአቸው ቀጫጭን ድምፆች መቀነሳቸውን አሳየ። ዕድሜ ከመስማት ችሎታችን አስቀድሞ የሚወስደው ይህንኑ ነው። እንደ «ስ»፣ «ሽ» እና «ፍ» ያሉት ፊደላት ደግሞ የሚታወቁት በቀጫጭን ድምፆች ነው። ስለዚህ ዜማው ይደርሳል፣ ቃሉ ይቀራል። ሰምና ወርቅ ለሚወድ ሰው ይህ ትልቅ ጉዳት ነው፤ የጠፋችው አንዲት ፊደል ወርቁን ይዛ ትሄዳለችና። ይህን የትኛውም ውድ አምፕሊፋየር አይመልሰውም።

ጋሼ አሁን የመስሚያ መሣሪያ ያደርጋሉ። መጀመሪያ ላይ «ሙዚቃው ቆርቆሮ ቆርቆሮ ይለኛል» ብለው አውልቀውት ነበር። ባለሙያው ለሙዚቃ የሚሆን ማስተካከያ ካደረገላቸው በኋላ ለመዱት። እንደ ወጣትነታቸው አይሰሙም፤ ግጥሙን ግን ይከተላሉ፣ የልጅ ልጆቻቸውንም «ምን አልሽ? ምን አልክ?» ማለቱን ቀንሰዋል። ቫልቩም ከቤት አልወጣም።

እናንተም ንግግር እየሰማችሁ ቃላቱ ካልለየላችሁ፣ የቴሌቪዥን ድምፅ ቤተሰቡን ካስመረረ ወይም ጆሮአችሁ ውስጥ ከጮኸባችሁ ጤና ተቋም ሂዱ። አንዳንዴ ምክንያቱ የጆሮ ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም ባለሙያ ያውጣላችሁ እንጂ በክብሪት እንጨት አትነካኩት። መስማት በድንገት፣ በተለይም በአንድ ጆሮ ብቻ ከቀነሰ አንድ ቀን እንኳ አታሳድሩ።

ወጣቶችም ስሙኝ። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር 80 ዴሲቤል በሳምንት እስከ 40 ሰዓት፣ 90 ዴሲቤል ግን እስከ 4 ሰዓት ብቻ ነው። በጩኸት የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ሕዋስ መልሶ አይበቅልም።

አንድ የመጨረሻ ነገር፦ ዘመድ ከአሜሪካ አምፕሊፋየር ካመጣላችሁ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን አንብቡ። የእነሱ 120 ቮልት፣ የእኛ 220 ነውና መቀየሪያ ትራንስፎርመር ሊያስፈልገው ይችላል። ከሶኬት ቢነቀልም ውስጡ ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ክዳኑን ራሳችሁ አትክፈቱ።

ሞቅ ያለ ድምፅ የሚወድ ቫልቭ ይምረጥ፣ ጥርት ያለ የሚወድ ሌላውን ይውሰድ፤ በጣዕም አንጣላም። ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት ግን ጆሮአችሁን አስመርምሩ።

እስከ ሳምንት ቸር ያሰማን!