«እማዬ እንዳትሰማ»

የአንዲት በካንሰር የታመሙ እናታችን የምርመራ ውጤት አርብ ማታ በስልካቸው ገባ። ሐኪማቸው ገና አላነጋገራቸውም ነበር። ልጆቻቸው ቀድመው አይተው ስልኩን ደበቁና ደወሉልኝ፦ «ፓስተር፣ እማዬ እንዳትሰማ።»

በምንኖርባት አሜሪካ፣ ከሚያዝያ 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራው ደንብ ሐኪም ቤቶች የሕመምተኛውን መዝገብ ያለ በቂ ምክንያት እንዳያዘገዩበት ያዛል። ስለዚህ ክፉ ወሬ ከሐኪሙ ቀድሞ ሊደርስ ይችላል። እኛ ደግሞ መርዶን እንኳ በማለዳ፣ ሰው ሰብስበን የምናረዳ ሕዝብ ነን። የልጆቹ ድንጋጤ ይገባኛል።

ነገር ግን ወገኖቼ፣ መደበቅ መፍትሔ አይደለም። ንጉሥ ሕዝቅያስ የዛቻውን ደብዳቤ ራሱ አነበበ፤ ከዚያም ወስዶ በእግዚአብሔር ፊት ዘረጋው (ኢሳ. 37፥14)። በታመመም ጊዜ ነቢዩ እንደሚሞት የነገረው ለራሱ ነው። አገልጋዮቹ ቢደብቁት ኖሮ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ እንዴት ባለቀሰ ነበር?

ሕመምተኛው መዝገቡን ያንብብ፤ ብቻውን ግን አያንብብ። ያልገባችሁን ቃል እንደ ሞት ፍርድ አትቁጠሩት፤ ጽፋችሁ ሐኪሙን ጠይቁ። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ ሐኪም ቤቱ አስተርጓሚ እንዲያቀርብላችሁ ጠይቁ፤ ሸክሙን በልጆቻችሁ ላይ አትጣሉ።

በማግስቱ ከእናታችን ጋር ተቀምጠን አብረን አነበብነው። እርሳቸውም «እኔማ ጠርጥሬ ነበር፤ እናንተ እንዳትጨነቁ ብዬ ነው ዝም ያልኩት» አሉ።

ያን ቀን የበሽታውን ስም ጠርተን ጸለይን።