ከወለል እስከ ኮርኒስ የሚደርስ የመጻሕፍት መደርደሪያ

የእንግዳ መቀበያ ክፍልን አንድ ግድግዳ ከወለል ጀምሮ እስከ ኮርኒስ ድረስ በመጻሕፍት መሸፈን ከሁሉ የበለጠ ጌጥ ነው። ምንጣፍ ያረጃል፥ መጋረጃንም ፀሐይ ያፈዘዋል፤ መጻሕፍት የሞሉት ግድግዳ ግን በዕድሜው ግርማ ይጨምራል። ይሁን እንጂ አሠራሩ እንደየአገሩ ጠባይ መለየት ይገባዋል።

በሥራ ምክንያት በጂንካ የሚኖሩ አንድ ወዳጃችን ይህን የመሰለ መደርደሪያ አሠርተው በጭቃው ግድግዳ ላይ አስጠግተው አስመቱት። ያየው ሁሉ አደነቀ። የበልጉ ዝናብ ካለፈ በኋላ ልጃቸው ከአባታቸው የወረሱትን ዳዊት ብትስብ የቆዳው ድጉስ ብቻ በእጅዋ ቀረ፤ ወረቀቱ አፈር ሆኖ ነበር። በዚያ ዳዊት መጨረሻ የልጆቹ ሁሉ የልደት ቀን ተጽፎ ነበር።

ይህን ያደረገው ምስጥ ነው። ከጂንካ ወደ ቱርሚ የወረደ ሰው ከሰው ቁመት የሚበልጠውን ኩይሳ አይቶ የሠራተኛውን ብዛት ሊገምት ይችላል። ምስጥ ብርሃን ስለማይወድ በግድግዳውና በሳንቃው መካከል የጭቃ መንገድ ሠርቶ ይወጣል፤ መጽሐፉንም ከውስጥ ይበላል እንጂ ፊቱን አይነካም። ስለዚህ የመደርደሪያው እግር በአንድ ስንዝር የድንጋይ መሠረት ላይ ይቁም፤ ከግድግዳውም አራት ጣት ያህል ይራቅ፤ እንዳይወድቅ ግን ጫፉ በብረት ከቤቱ ምሰሶ ጋራ ይያያዝ። በዚያ ክፍተት ነፋስ ይገባል፥ የጭቃውም መንገድ ሳይረዝም ይታያል፤ በየሳምንቱ በመብራት መመልከት ነው።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። መጽሐፉን በማኅደር አግብተው በእንጨት ችካል ላይ ይሰቅሉት ነበር። ሮበርት ከርዘን የተባለው እንግሊዛዊ በ1837 እ.ኤ.አ. በግብፅ ገዳም የነበሩትን ኢትዮጵያውያን መነኮሳት በጐበኘ ጊዜ መጻሕፍታቸው በዚሁ ዐይነት ተሰቅለው አግኝቷል።

እንጨቱ ጥድ ቢሆን ይመረጣል፤ ዋንዛም ያምራል። አንድ ሜትር የሚሞላ መጽሐፍ 30 ኪሎ ግራም ያህል ሊመዝን ስለሚችል ሳንቃው 2.5 ሳንቲ ሜትር ይወፍር፥ በሁለት ቋሚ መካከል ያለው ርዝመትም ከ80 ሳንቲ ሜትር አይብለጥ። ከባዱ ከታች ይሁን። ብራና የሆነ ነገር በቆርቆሮው ሙቀት አጠገብ ከላይ አይቀመጥ። ሌላ የማይገኝለት መጽሐፍ ግን እጅ ዘወትር በሚደርስበት በደረት ትክክል ይሁን፤ ምስጥ የሚደፍረው ማንም የማይነካውን ነውና። (ለዐይን ብቻ መጽሐፍ የሚገዙ ሰዎች ይህን ቢያነቡ አይከፉብን።)

ወዳጃችን መደርደሪያውን እንደ ገና ከጥድ አሠርተውታል። ወይዘሮዋም የልጆቹን የልደት ቀን ከትዝታቸው አውጥተው በአዲስ ዳዊት ላይ አስጽፈዋል፤ የታናሺቱ ቀን ግን እስካሁን ድረስ ባልና ሚስቱን ያከራክራል።