ባዶ ኮርቻ

የዘመናችን ሠዓልያን ፈረስን ብቻውን፥ ያለ ጋላቢ መሣል ይወዳሉ። እንዲህ ያለውን ሥዕል በብዙ እንግዳ መቀበያ ክፍል ተሰቅሎ እናየዋለን። ስለ ትርጕሙ የተጠየቀ ሁሉ «ነፃነት ነው» ብሎ ፈጥኖ ይመልሳል። እኛ ግን ነገሩን እንዲህ ቀላል ሆኖ አላገኘነውም።

በብሥራተ ገብርኤል ሠፈር ባላቸውን በቅርቡ ለቀበሩ አንዲት እናት፥ ልጃቸው ሐዘናቸውን ሊያስረሳቸው አስቦ አንድ ሥዕል ገዝቶ አመጣላቸው። ነጭ ፈረስ ጋማው በነፋስ ተበትኖ ሽምጥ ይሮጣል፤ ኮርቻው በጀርባው ነው፥ እርካቡም ወደ ኋላ ተወርውሯል። እናቲቱ ጥቂት ተመልክተው፥ «ልጄ፥ ባለቤቱስ ወዴት ሄደ?» አሉና ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ወሰዱ። ልጁ ሥዕሉን ያልተረዱት መስሎት ሊያስረዳቸው ጀመረ።

በእኛ አስተያየት ሥዕሉን በትክክል ያነበቡት እናት ናቸው። ቀድሞ በአገራችን ባላባት ወይም ስመ ጥር ጦረኛ ሲሞት፥ ፈረሱ በሙሉ ጌጡ ተሸልሞ፥ የጌታው ጋሻና ጦር እየታየ፥ በለቅሶው መካከል ይሳብ ነበር። አልቃሾችም ሟቹን በፈረሱ ስም ጭምር እየጠሩ ሙሾ ያወርዱ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፥ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፥ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ መባላቸው በዚሁ የፈረስ ስም ልማድ ነው። ሰውየው የፈረሱ «አባ» ከሆነ፥ ባዶ ኮርቻ ተሸክሞ የቀረው ፈረስ የሙት ልጅ ነው። እናቲቱም ሥዕሉን አልመለሱትም፤ እስከ ተዝካሩ ድረስ ለቅሶ ለሚደርሰው ሁሉ ያሳዩት ነበር።

የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ሰማዕቱን ከፈረሱ አይለይም። ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ፥ ቅዱስ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ላይ ይሣላሉ። ቅዱስ መርቆሬዎስ ከሐዲውን ዑልያኖስን በጦር ሲወጋ ፊቱን ልብ ብላችሁ እዩ፤ ቍጣ የለበትም። ትኵሳቱ ሁሉ ወደ ፈረሱ ተላልፏል፤ አንገቱ እንደ ቀስት ጐብጦ፥ ዓይኑ ፈጦ፥ የፊት እግሮቹ ተነሥተው ይታያሉ። በቅዱሱ ፊት ላይ ሊታይ የማይገባውን ፈረሱ ያሳያል፤ ልጓሙ ግን በቅዱሱ እጅ ነው። (ይህን ለተማሪዎች ስናስረዳ ሕፃናቱ ከትልልቆቹ ቀድመው ይገባቸዋል።)

ከዚሁ ሠፈር ሳይርቅ፥ በአሮጌው አውሮፕላን ማረፊያ አካባቢ «ቪላ አልፋ»ን ሠርተው የኖሩት ሎሬት አፈወርቅ ተክሌ (1925–2004 ዓ.ም.) በሐረር ያቆሙት የራስ መኮንን ሐውልትም ጋላቢውን ከነፈረሱ የያዘ ነበር፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሲፈርስ ሁለቱ አብረው ወደቁ።

በባሕር ማዶ ፒካሶ በ1929 ዓ.ም. «ጌርኒካ» በተባለው ታላቅ ሥዕሉ መካከል በጦር የተወጋ ፈረስ አቁሟል። በዚያው ዓመት በሚያዝያ የጀርመንና የኢጣልያ አውሮፕላኖች ጌርኒካ የምትባለውን የእስፓንያ ከተማ በቦምብ አቃጥለዋት ነበር፤ ከአንድ ዓመት በፊት በእኛ አገር ላይ የመርዝ ጢስ የረጩት የኢጣልያ አውሮፕላኖች እንደ ነበሩ አንረሳም። የፒካሶ ፈረስ አፉን ከፍቶ ይጮኻል። ከእግሩ ሥር ደግሞ ጦረኛው ሰይፉ ተሰብሮ ተዘርሯል። «ባለቤቱ ወዴት ሄደ?» ለሚል ሰው መልሱ እዚያው ተሥሏል።

ስለዚህ ነፃነትን መሣል የሚሻ ወጣት ሠዓሊ አስቀድሞ ኮርቻውን ያውርድ፥ ልጓሙን ይፍታ፥ ሰፊ ሜዳም ይስጠው።